መፍታትና መግጠም

የቅኔ ተማሪ ቅኔ ይፈታል፤ ባለግጥም ግጥም ይገጥማል፤ የመኪና ሠራተኛም እንደዚሁ ሞተር ይፈታል፥ ሞተር ይገጥማል። ቋንቋችን እነዚህን የተራራቁ ሥራዎች በአንድ ግስ መጥራቱ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ የተገለጠልኝ፥ ከሟቹ ታላቅ ወንድሜ የቀረችውን አሮጌ ቮልስዋገን በመንዝ፥ በመሐል ሜዳ፥ ባደስንበት ጊዜ ነው።

መኪናዪቱ በጓሳ ሣር በተከደነ በረት ውስጥ፥ በአራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታ ነበረ። ወንድሜ መምህር ነበረና፥ ቤተ ሰቡን ጭኖ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፥ በጣርማ በር፥ በሞላሌ አድርጎ በየበዓሉ ወደ አገሩ ይመጣባት ነበረ። እርሱ ካረፈ በኋላ ግን በቤቱ ክርክር ተነሣ። ልጁ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ስንቅ ፈልጎ፥ «የኔታ፥ ይፍቀዱልኝና ለብረት ቀላጭ ልሽጣት» አለኝ። እናቱ ደግሞ «አባትህ የነዳት መኪና በኪሎ ተመዝና አትሄድም» ብላ አለቀሰች። የመንዝ ሰው የርስት ክርክር ያውቃል፤ መሬት በገመድ ተለክቶ ለወንድማማች ይካፈላል፤ መኪና ግን ቢካፈሉት ለሁሉም የሚደርሳቸው ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ አስታረቅኋቸው፤ አስቀድሞ ትታደስ፥ ልጁም በገዛ እጁ ይሥራባት፤ ከዚያ በኋላ መሸጡም መያዙም በእርሱ ፈቃድ ይሁን።

ሥራውን የመራን በየቅዳሜው ከደብረ ብርሃን የሚመጣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበረ። ከአፉ ከሰማኋቸው ስሞች ብዙዎቹ የኢጣልያ ቃላት ናቸው፤ ካንዴላ፥ ፑንቲና፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሚታ፥ ጓርኒሲዮን። ካንዴላ በኢጣልያ ቋንቋ ሻማ ማለት ነው። አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቢቀርብላቸውም፥ ወደ ደጋችን የሚወስደው ሰፊ መንገድ የመጣው ዘግይቶ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዘው የነበሩት ኢጣልያውያን የጣርማ በርን ተራራ ከ500 ሜትር በላይ ሸንቁረው መንገድ አሳለፉ፤ ገዢዎቹ ሲወጡ ዋሻውና ቃላቱ ቀሩ። እንግዲህ ጀርመን የፈለሰፋትን መኪና የመንዝ ልጅ በኢጣልያ ቃል እየጠራ ይፈታታል።

የዚህች ዓይነት መኪና በፈረንጆች አቈጣጠር እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚልዮን በላይ ተሠርታለች። ሞተርዋ ከኋላ ነው፤ የሚያበርደውም ውኃ ሳይሆን ነፋስ ነው። ስለዚህ የመንዝ ውርጭ የሌላውን መኪና ውኃ አርግቶ ሲያስጨንቅ እርስዋን በዚህ በኩል አያገኛትም። ባትሪዋ ግን ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሚቀመጥ፥ ከእርሱ የፈሰሰው አሲድ ወለሉን በልቶት አገኘነው። የተበላውን ላሜራ ቈርጠን አዲስ በየድንበት፤ ደኅናውን ግን አልነካነውም፤ የብራና መጽሐፍ ሲቀደድ ቀዳዳው ይሰፋል እንጂ ደኅናው ቅጠል አይፋቅምና። ልጁ ሁሉ አዲስ ይሁን ብሎ መሪውን ሊለውጥ ፈልጎ ነበረ፤ እናቱ የባሏ እጅ ያለሰለሰውን ስፍራ አሳይታ ከለከለችው። የተበላሸውን መቀመጫም የመንዝ በግ ጠጕር ሞላንበት።

የሞተሩ ነገር ከሁሉ ይልቅ አስደነቀኝ። አራቱ ሲሊንደሮች የሚተኰሱት እንደ ቍጥራቸው ተራ አይደለም፤ አንደኛው፥ ቀጥሎ አራተኛው፥ ከዚያም ሦስተኛው፥ በመጨረሻ ሁለተኛው ነው። የካንዴላው ሽቦ ከዚህ ተራ ከተዛነፈ፥ ዕቃው ሁሉ በየራሱ ደኅና ሆኖ ሳለ ሞተሩ በደንብ አይነሣም፤ ቃሉ ሁሉ ያማረ ሆኖ አገባቡ የተሳሳተ ቅኔም እንዲሁ ምሥጢር የለውም።

ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ጥቁር ጢስ አወጣ። ሽማግሌው ካንዴላዎቹን ነቅሎ ጥላሸታቸውን አሳየን። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት፥ አየርዋ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ አዲስ የገዛነው ካርቡራተር ግን ለቈላ አየር የተበጀ ስለ ነበረ ቤንዚን ያበዛ ነበረ። ሽማግሌውም ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ ከእርስዋ በጠበበች ለወጣት፤ ጢሱም ጠራ። «አገርዋን አስለመድናት» አለ።

ሥራው ሁለት ክረምት ፈጀ፤ አሁን መኪናዪቱ ትሄዳለች። ከአዲስ አበባ መጥቶ ያያት አንድ ገዢ ዋጋ ቈርጦላታል፤ ዋጋውም ለልጁ የመንገድ ስንቅ ይበቃል። ልጁ ግን «ከፋሲካ በኋላ እነግርዎታለሁ» ብሎ መለሰው። ፋሲካም አለፈ። በዚህ መካከል የጐረቤት ባጃጆች በበረቱ ፊት ይሰለፉ ጀመር፤ እጁ ከዘይት የሚጠራበት ቀን ጥቂት ነው። እናቱ መቼ ትሄዳለህ ብላ አትጠይቀውም፤ እኔም ቃሌን ሰጥቻለሁና አልጠይቀውም።

አንባቢ ሆይ፥ መፍታት ለሰነፍም ይቀላል፤ የተፈታውን በየስፍራው መግጠም ግን ትዕግሥትና ተራ ማወቅ ይፈልጋል። ብረት ተፈትቶ ይገጠማል፤ ከቤቱ የወጣ ልጅ ግን እንዲህ በቀላሉ ወደ ስፍራው አይመለስም። ስለዚህ ቢሄድም እንኳ መግጠምን ተምሮ መሄዱ ደስ ይለኛል፤ ቢቀር ግን ይበልጥ ደስ እንደሚለኝ አልሸሽግም።