መርፌው ይቆይሽ፣ ልጄ

ልጄ፣ የጉና ውርጭ ሰሞኑን በርትቶብናል፤ እናትሽ ግን የራሷን ትታ የአንቺን ብርድ ልብስ ታስባለች። ከነርስነት ትምህርትሽ ጎን ትንሽ ሥራ ልትይዢ እንዳሰብሽ፣ ከክሊኒክ፣ ከሆቴልና ልጆች ከማስጠናት አንዱን ልትመርጪ እንደሆነ ሰማሁ። አልተቆጣሁም። ዩኒቨርሲቲው ማደሪያና ምግብ ቢችልሽም፣ ለጋውኑ፣ ለሃንድአውቱ ኮፒ፣ ለሳሙናው፣ እናትሽ ለምታውቀውም ጉዳይ ብር ያስፈልጋል። የወጪ መጋራቱም ነገ ከደመወዝሽ የሚቆረጥ ዕዳ ነው። ሠርቶ ማደር የቤታችን ወግ ስለሆነ ነውር የለበትም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የሥራው ዓይነት ነው።

ያ ክሊኒክ "ማታ ማታ ቁስል እያጠብሽ፣ መርፌ እየወጋሽ እርጂን" ያለሽን ነገር ደጋግሜ አሰብኩት። ብሩ ከሌላው ይበልጣል፤ ሙያሽም ስለሆነ ልብሽ ወደዚያ ቢያደላ አልፈርድብሽም። እኔ በደርግ ጊዜ በጋይንት በኩል በጤና ረዳትነት ሳገለግል፣ በየገበያው መርፌ ወጊ አይጠፋም ነበር። ያገራችን ሰው ክኒን ሲሰጡት ቅር ይለዋል፤ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። የወጋውን ሁሉ "ዶክተር" ይለዋል፤ መጠሪያው ደግሞ ለጆሮ ይጣፍጣል። እኔንም ብለውኛል፣ ልጄ፤ ፈተናው ከብሩ ይልቅ እዚያ ላይ ነው።

ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው በደቂቃ ውስጥ ትንፋሽ ሊያጥረው፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ እንደሚችል ከእኔ ይልቅ አንቺ ተምረሻል። አድሬናሊኑ የት እንዳለ፣ ስንት እንደሚሰጥ አጥንተሽ ይሆናል። ግን በሆስፒታሉ አታችመንት ላይ ስትወጊ አስተማሪሽ ከጎንሽ አለች። በዚያ ክሊኒክ ማታ ባለፈቃዱ ቤቱ ገብቶ፣ አንቺና በሽተኛው ብቻ ብትቀሩስ? ፈቃድ የሌላት ተማሪ እጅ ላይ ሰው ቢወድቅ ዘመዶቹ የክሊኒኩን ስም አያነሱም፤ "የእገሌ ልጅ ናት" ነው የሚሉት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ገና በሕይወት እያለሁ እንዲውልልኝ እፈልጋለሁ።

የንጉሥ ልጅ እንኳ በዚህ መንገድ አቋራጭ አልፈለገችም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በሕፃናት ሆስፒታል ተምራ፣ የሚፈለግባትን ጨርሳ ነው የተመዘገበች ነርስ የሆነችው። አገሯ ተመልሳ ብዙ ሳትቆይ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወሊድ አረፈች፤ አዲስ አበባ ላይ በስሟ ሆስፒታል ተሠራላት። ያንን ሆስፒታል ሰው ዛሬ ጦር ኃይሎች ይለዋል። አባቷ ንጉሥ ስለሆኑ "ነርስ ናት በሉ" ማለት ይችሉ ነበር እኮ!

አንቺንም አራቱን ዓመት ስትጨርሺ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለሁሉም የመጣው የመውጫ ፈተና ይጠብቅሻል፤ ከዚያም የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና አለ። ያልደረሰ ድንች ቆፍሮ ገበያ የሚያወጣ ገበሬ የዕለቱን ብር ያገኛል፤ ሲደርስ የሚሰበስበውን ግን ያጣል። ማታ ክሊኒክ፣ ሌሊት ናይት ዱቲ፣ ጠዋት ክፍል ብትይ የትኛውን ትይዣለሽ? ሁለት ያባረረ አንድም አልያዘም። ደግሞ እንቅልፍ ያጣች ነርስ የመድኃኒት መጠን ትሳሳታለች፤ ይህን ልማድ ከአሁኑ አትጀምሪው።

የሆቴሉን መስተንግዶ ሥራ ንቄው አይደለም፤ ሥራ ነው። ግን የሚያልቀው በማታ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ማታ መንገድ ላይ የሚያስቆይ አይደለም።

እኔን ደስ ያለኝ ያ የሁለቱ ልጆች አስጠኚነት ነው። ብሩ ያንሳል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን በቀን የሚሠራ ነው፣ ቤተሰቡ ባለበት ቤት ነው፣ ፈተና ሲደርስም "ሁለት ሳምንት ልቅር" ቢሏቸው የሚያስቀይም አይደለም። ደግሞም ክፍልፋይ ለማይገባው ልጅ ሳይሰለቹ አሥር ጊዜ ማስረዳት፣ ነገ መድኃኒቷን እንዴት እንደምትወስድ ግራ ለሚገባት የፋርጣ እናት ለማስረዳት አንደበትሽን ያፍታታል። ከምታገኚው ለእኛ እንዳትልኪ፤ እናትሽ በስውር ብትጠይቅሽም እንዳትልኪ። ለታናናሾችሽ እኔ አለሁ።

ከመጀመርሽ በፊት ለልጆቹ እናት ቅዳሜና እሁድ ብቻ እንደምትችዪ፣ አታችመንት ሲበዛም እንደምትቀሪ በግልጽ ንገሪያት። ክፍያውንም ሳታፍሪ ተነጋገሪ፤ ይሉኝታ ብሎ ዝም ማለት በኋላ ቅሬታ ያመጣል። ቀበሌያቸውንና የቤቱን አድራሻ ደውለሽ ንገሪኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ስወርድ በዚያ አልፌ እጃቸውን ልጨብጥ ነው፤ አታፍሪብኝ፣ ቶሎ ነው የምወጣው።

አባትሽ