አራት መብራት በአንድ ቁጥር

የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሆነን ስለ ኮምፒውተር መጻፋችን ምን ይባላል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ወደ ፕሮግራም ትምህርት የወሰደን የክሬዲት ሰዓት እንጂ ፍቅር አልነበረም። አንዱ ምዕራፍ ግን እዚህ ሶዶ ላይ ሆነን ስናነበው የሰፈራችንን ጉዳይ የሚያወራ መሰለን። ቢት ፍላግ ይሉታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው የሚናገራቸውን ቋንቋዎች በአንድ ቁጥር ብቻ መመዝገብ ፈለግን እንበል። ወላይትኛን 1፣ ጋሞኛን 2፣ ጎፋኛን 3፣ ዳውሮኛን 4 ብንላቸው ጉድ ይፈላል። 3 ተጽፎ ሲገኝ ጎፋኛ ነው ወይስ ወላይትኛና ጋሞኛ? ማን ይመልሰው! ስለዚህ ቁጥሩ በእጥፍ ይሄዳል፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8። ለእያንዳንዱ የራሱ መብራት ተሰጠው ማለት ነው። 3 ወላይትኛና ጋሞኛ ብቻ ነው፤ 15 አራቱም በርተዋል፤ 0 አንዱም አልበራም።

ጥንቃቄው ሁለት ነው። አንደኛ፣ መብራት የሚበራው በመደመር ሳይሆን «ኦር» በሚባለው ስሌት ነው። ወላይትኛን ሁለት ጊዜ የደመረ ሰው 2 ያገኛል፤ ወላይትኛው ጋሞኛ ሆኖ ቁጭ! በኦር ግን የበራውን ደግመው ቢያበሩት ያው የበራ ነው። ሁለተኛ፣ ወላይትኛ ተናጋሪ ሲፈለግ «ቁጥሩ 1 ነው ወይ?» ማለት አያዋጣም፤ ሁለት ቋንቋ የሚያውቀው፣ ባለ 3ቱ ሰው፣ ከዝርዝሩ ይወድቃል። «ኤንድ» በሚባለው ስሌት የዚያችን መብራት ብቻ ነጥሎ ማየት ነው።

ይህን ስናነብ ወጋጎዳ ትዝ አለን። እኛ ሳንወለድ የሆነ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በያኔው ሰሜን ኦሞ ዞን፣ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ያቀላቀለ መማሪያ መጽሐፍ ትምህርት ቤት ገባ። ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ሰው ታሰረ፤ መጽሐፉም ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዞኑ ተከፋፍሎ ወላይታ ለብቻው ዞን ሆነ።

ቋንቋዎቹ እኮ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁሉም ከኦሜቶ ወገን። ታዲያ ምን አጣላ? ስሙ አራቱን ጠብቋል፤ ወ፣ ጋ፣ ጎ፣ ዳ፤ እያንዳንዱ ተለይቶ ይነበባል። ገጹ ግን አልጠበቀም። ልጅ መጽሐፉን ገልጦ «የእናቴ ቃል የቱ ነው?» ቢል ነጥሎ የሚያሳየው አልነበረም። 15 ሲባል አራቱ ውስጡ አሉ፤ ቀልጦ አንድ የሆነ ግን ተመልሶ አይፈታም።

ቋንቋ ቁጥር አለመሆኑን አንስትም። ቢሆንም አብሮ መቆምና መቅለጥ ሁለት ነገር መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ በአጭሩ ያስረዳን የለም። ነገ ከመካከላችን ፎርም የሚያዘጋጅ፣ መዝገብ የሚይዝ፣ መማሪያ የሚጽፍ ይወጣል። «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» ብሎ አንድ ሳጥን ብቻ ከማስመሩ በፊት፣ እናቱ ወላይታ አባቱ ጋሞ የሆነ ልጅ የት ላይ ምልክት እንደሚያደርግ ይጠይቅ። እናጣምር፤ ያጣመርነው ሁሉ ግን ስሙ ሲጠራ «አለሁ» የሚል ይሁን።