ሰው የማትነክሰው ደም መጣጭ

እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ሴትን በልብሷ ብቻ የማይፈርድባት ስንቱ ነው? ወረቀት ላይ የተሳለች ሴት እንኳ ከዚህ ፍርድ አታመልጥም። የኔዋ ቫምፓይሬላ ትባላለች።

የምኖረው ዋሽንግተን ነው። ከደሞዜ የምትተርፈኝን የማጠፋው ጥቁርና ነጭ በሆኑ አሮጌ የአስፈሪ ታሪክ የስዕል መጽሔቶች ላይ ነው። እጮኛዬ አንድ ቀን መደርደሪያዬ ላይ አያቸውና ፊቱ ተለዋወጠ። «ጨዋ ሴት እንዲህ ያለ ነገር ቤቷ ታስገባለች?» እናቱ ሊጠይቁን ሊመጡ ነበርና ከዚያ በፊት እንድጥላቸው ፈለገ። እኔን ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሽፋን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ነገ እኔንስ በምን ሊመዝነኝ ነው?

እርግጥ ሽፋኑ ያስደነግጣል። ሽፋኑ ባለቀለም ነው፤ ልጅቷም ከአንዲት ቀይ ብጣሽ ጨርቅ በቀር ብዙም አልለበሰችም። እ.ኤ.አ. በ1969 በ50 የአሜሪካ ሳንቲም የተሸጠውን የመጀመሪያውን ሽፋን የሳለው ፍራንክ ፍራዜታ ነው። ልብሱን ያወጣችው ግን ሴት ናት፣ ትሪና ሮቢንስ። በኋላ የመጡት ሰዓሊዎች ጨርቁን እያሳነሱት በመሄዳቸው እሷም ቅር ብሏት ተናግራለች።

ውስጡ ለምን ጥቁርና ነጭ ሆነ? በ1954 የአሜሪካ ኮሚክስ አሳታሚዎች ባወጡት ደንብ ቫምፓየር ጭራሽ ተከልክሎ ነበር። ጄምስ ዋረን የሚባል ብልጥ አሳታሚ በመጽሔት መጠን፣ በጥቁርና ነጭ አትሞ ከደንቡ አመለጠ። ከ1964 ጀምሮ «ክሪፒ»ን፣ አስከትሎም «ኢሪ»ን አወጣ። ቫምፓይሬላ የነሱ እህት ናት።

መጀመሪያ ላይ ዋናው ሥራዋ የሌሎችን ታሪክ እየቀለዱ ማስተዋወቅ ነበር፤ የራሷ ታሪክም ቀልድ ይበዛበታል። አርቺ ጉድዊን የተባለው ደራሲ ሲይዛት ነው ሰው የሆነችው። የመጣችው በወንዞቹ ውኃ ሳይሆን ደም ከሚፈስበት ፕላኔት ነው። ያለ ደም መኖር አትችልም። ጉድዊን ግን በደም ፈንታ የተቀመመ መድኃኒት እየወሰደች፣ ሰው ሳትነክስ ለመኖር የምትታገል አደረጋት። ጥማቱ ሲጠናባት፣ ያ ስፔናዊ ሰዓሊ ሆሴ ጎንዛሌዝ አይኗን እንዴት እንደሚስለው ብታዩ! ቀለም ቢኖረው ኖሮ ያን ያህል አንጀት የሚበላ አይመስለኝም። በጥላና በብርሃን ብቻ ፍርሃቷን ታነቡታላችሁ።

እጮኛዬን አልተጨቃጨቅኩትም። አንዱን ሰጥቼ «አንብብና እናወራለን» አልኩት። ማታውን ጨረሰው። «አሳዘነችኝ» አለ። ቀጠለና «ቢሆንም እንግዳ ሲመጣ ደብቂያቸው» አለኝ። እምቢ አልኩ። የዋረን መጽሔት በ1983 እስኪቆም 112 ቁጥሮች ወጥተዋል። እኔ ያሉኝ ዘጠኝ ናቸው፤ ዘጠኙም ከመደርደሪያው ንቅንቅ አላሉም።

እናቱ መጡ። ቡና እስኪፈላ አንዱን አነሱና መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑን ትኩር ብለው አዩት። እሱ ላብ በላብ ሆኗል።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይቺን ልጅ አይበርዳትም?»