በር ላይ ያሰርነው ውሻ አማና ነው



ስለ ውሻ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ ነገር ነው፦ ነጃሳ ነው። ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። ግን በየከተማችን ስንት የሙስሊም ግቢ በር ላይ፣ ስንት የሱቅና የመጋዘን ደጃፍ ላይ ውሻ ታስሮ እንደሚያድር እናያለን። ሌሊቱን ሙሉ ንብረታችንን ይጠብቃል። ሲነጋ ግን የሚያስታውሰው የለም። ውሃው ደርቆ፣ አንገቱ በሰንሰለት ቆስሎ፣ አንድም ቀን ሳይከተብ ዓመት ያልፋል። ዛሬ የዚህን እንስሳ ሐቅና ዓመቱን ሙሉ ጤናውን የምንጠብቅበትን መንገድ፣ ቤታችን ከምናደርገው ተነስተን እናውጋ።

የምንኖረው ደሴ ነው። አባታችን የእህል ነጋዴ ናቸው። መጋዘናቸው አንድ ሌሊት ከተሰበረ በኋላ ውሻ ለማሳደግ አሰቡ፤ ቡችላውን ከማምጣታቸው በፊት ግን የሰፈራችንን ኡስታዝ ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ ይህ ነበር፦ ለከብት ጥበቃ፣ ለአደን ወይም ለእርሻ ሳይሆን ውሻ የሚያሳድግ ሰው በየቀኑ ከአጅሩ እንደሚቀነስበት ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ መጥቷል። ቤትና ንብረት ለመጠበቅ ማሳደግን ግን ኢማም ነወዊን ጨምሮ ብዙ ዑለሞች በቂያስ ፈቅደውታል። ለጌጥና ለፉክክር ከሆነ ይቅር፤ ለጥበቃ ከሆነ ሐቁን ጠብቀህ ያዝ።

ቡችላው መጣ፣ ቦቢ ተባለ። እናታችን ሁለት ነገር ተናገረች፦ ከቤት ውስጥ እንዳይገባ፣ ውሃውም እንዳይጎድል። «ያሰራችሁት እናንተ ናችሁ፤ እሱ ጎረቤት ሄዶ ውሃ ስጡኝ አይል» አለችን። ነገሩ ሁሉ እዚህ ንግግር ውስጥ አለ። ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ራሷም ፈልጋ እንዳትበላ ሳትለቃት በረሃብ ስለገደለቻትና በዚያ ምክንያት ስለተቀጣችው ሴት ያልሰማ የለም። በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ አጠጥቶ አላህ ምሕረት ያደረገለትን ሰውም እንዲሁ። ሁለቱም ሐዲሶች ሰሒሕ ናቸው። እንስሳን ማሰር ይቻላል፤ ያሰረ ሰው ግን ተጠያቂ ነው።

ከሁሉም በፊት ክትባት

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በውሻም ሆነ በሰው ላይ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ዙሪያ ሰውን ከሚይዘው የዚህ በሽታ ብዛት እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚተላለፍ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። እኛ እንዳይረሳን መስከረም ላይ አድርገነዋል። ካርዱንም አባታችን ከመጋዘኑ ወረቀቶች ጋር ያስቀምጡታል።

ያ ካርድ አንድ ቀን አስፈለገ። ባለፈው ዓመት ቁርኣን ሊቀራ የሚሄድ የጎረቤት ልጅ ጨለማ ላይ እግሩን በውሻ ተነከሰ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ቡና ነስንሱበት ይላል፣ ሌላው መድኃኒት አዋቂ ዘንድ እንውሰደው ይላል። ታላቅ እህታችን ማንንም ሳትሰማ ልጁን ቧንቧ ስር አስቀምጣ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠበችው። ቫይረሱ ያለው በውሻው ምራቅ ውስጥ ስለሆነ ይህ እጥበት ራሱ ትልቅ ሕክምና ነው። ከዚያ እዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ተወሰደ፤ ክትባቱም ተጀመረለት።

በማግስቱ «የነከሰው የእነሱ ውሻ ነው» የሚል ወሬ ተነሳ። ድንጋይ ይዘው የመጡም ነበሩ። አባታችን አልተቆጡም። ካርዱን አውጥተው ለልጁ አባት አሳዩዋቸውና «ውሻው ሌሊቱን ታስሮ ነበር። ቢሆንም አሥር ቀን ከግቢ አይወጣም፤ በየቀኑ እየመጡ ይዩት» አሏቸው። ይህ የሐኪሞች ምክር ነው። አንድ ውሻ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን በምራቁ የሚያስተላልፍ ከነበረ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ስለዚህ የነከሰውን ውሻ ወዲያው ቀጥቅጦ መግደል የሚያውቀውን ነገር ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ቦቢ አሥሩን ቀን በጤና ጨረሰ። የነከሰው ውሻ በእርግጥ የትኛው እንደሆነ ስላልታወቀ የልጁ ክትባት አልተቋረጠም፤ በቀጠሮው ተከታትሎ ጨረሰ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ቁርኣኑን እየቀራ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦችም ዛሬ ቡና ይጠራራሉ።

ይህን በሽታ የያዘው ውሻ ሁሉ አይቆጣም። አንዳንዱ ጭምት ይሆናል፣ መንጋጋው ይዝላል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ።

ክረምት ሲገባ

የደሴን ብርድና ጭጋግ የሚያውቅ ያውቀዋል። የውሻ ቤት ከመሬት ከፍ ማለት አለበት፤ በድንጋይ ወይም በጣውላ ላይ ይቀመጥ፣ በሩ ነፋስ ወደማይመጣበት ይዙር። ውስጡ ያለው ጭድ ወይም ጆንያ ሲረጥብ ይለወጥ። ውሻ ከኩሬ ውሃ እንዳይጠጣ ንጹሕ ውሃ ይቅረብለት፤ የአይጥ ሽንት የገባበት ውሃ ኩላሊትና ጉበት የሚጎዳ፣ ወደ ሰውም የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል።

ዝናብና ሣር ሲመጣ መዥገርና ቁንጫም ይመጣሉ። ጆሮውን፣ ብብቱንና የጣቶቹን መካከል በጓንት እንፈትሻለን። መዥገር በወረንጦ ከቆዳው ሥር ተይዞ ቀጥ ተደርጎ ይነቀላል። ናፍጣ ወይም ጋዝ መቀባት ቆዳውን ያቆስላል፤ ሲልሰውም ይመርዘዋል። ለሰብል የሚረጭ መድኃኒትማ ጨርሶ አይነካ። የእንስሳት ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ።

በጋ ላይ

ውሻ እንደኛ በሰውነቱ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ኮምቦልቻ፣ ሐረር ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ወንድሞች፣ ቆርቆሮ ሥር ፀሐይ ላይ የታሰረ ውሻ በአንድ ቀትር ሊሞት ይችላል። ጥላና ውሃ ያስፈልገዋል። ሲንገዳገድ ካያችሁት ወደ ጥላ ወስዳችሁ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡት፣ ከዚያም ወደ ሐኪም። ሰንሰለቱም ረዘም ይበል፤ የአንገቱ ማሰሪያ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን።

ረመዳን

ውሻ አይፆምም! በረመዳን ወጥ ቤቱ ቀን ስለማይሠራ የእሱም ምግብ አብሮ ይረሳል። እኛ ተራ አውጥተናል፤ ውሃው ጧትና ከዙህር በኋላ ይታያል። ለተራዊሕና ለፈጅር ሰው ሲተላለፍ ውሻው ታስሮ በሩ ይዘጋ። አሮጊት እናቶች ውሻ ፈርተው መስጂድ ከቀሩ የጎረቤት ሐቅ ነው የተነካው።

የፍጡር ትራፊም ሁሉ አይሆነውም። ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ደም ይጎዳል፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቦቢ የሚበላው ያለ ሽንኩርትና ያለ ቅመም የተቀቀለ ሩዝ ወይም የእንጀራ ፍርፋሪ ከበሰለ ሥጋ ጋር ነው።

ዓረፋ ላይ ግን ጠንቀቅ!

ይህኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ኡድሒያ ስናርድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካገኘን «ለውሻ ጣለው» እንላለን። እብጠቱ ውስጥ ያለው የኮሶ ዘር የሆነ ትል እንቁጥጣጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። በልጆች እጅና ባልታጠበ ሰላጣ ወደኛ ይገባና በእኛው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ እብጠት ይሠራል። ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ክፍል አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ደህናውንም የሆድ ዕቃ በደንብ ሳትቀቅሉ አትስጡት። የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ ከሐኪም ጠይቁ። ዓይነ ምድሩ በየቀኑ በአካፋ ይነሳ፤ ከነካካን በኋላ እጃችን በሳሙና ይታጠብ።

ስለ ጦሀራ

ቦቢ የራሱ ሳህን አለው፤ ከቤት ዕቃ ጋር አይታጠብም። የእኛን ዕቃ ከላሰ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። በሻፊዒይ መዝሀብ እርጥቡ የነካው ልብስም እንዲሁ ስለሆነ፣ እሱን የምንንከባከብበት አንድ አሮጌ ጃኬት ጓሮ ላይ ተሰቅሏል፤ በዚያ አይሰገድም። መዝሀቦች በዝርዝሩ ይለያያሉ፣ ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። ምራቁ ነጃሳ ነው መባሉ ግን ድንጋይ ወርውሩበት ማለት አይደለም። ነጃሳ በውሃ ይታጠባል፤ በደል ግን በውሃ አይለቅም።

በየሰፈራችሁ መንገድ ላይ ውሻ የሚወግሩ ልጆችን ስታዩ በለሰለሰ አንደበት አስተምሯቸው። ግቢያችሁ ውስጥ የታሰረ ካለም ዛሬ ሁለት ነገር እዩ፦ የውሃ ሳህኑንና የክትባቱን ቀን።

አላህ ለያዝነው አማና ሁሉ ታማኝ ያድርገን፤ ልጆቻችንንም ከክፉ በሽታ ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።