ለመምህሩ ማን ይመስክር?

አንድ መምህር ነበሩን። ስማቸውን አንጠራም፤ ቢጠራም ደስ አይላቸውም። ሌላው የከረመ ማስታወሻውን እያነበበ ሲያስጽፈን፣ እኛም ሸምድደን ፈተና ላይ ስንዘረግፈው፣ እሳቸው ግን ባዶ እጃቸውን ገብተው «እስቲ ትናንት ያልገባችሁ ምንድን ነው?» ብለው ይጀምሩ ነበር። ዝም ካልን ዝም! ወረቀታችንን ሲመልሱልን ዳርና ዳሩ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ፣ እኛ ከጻፍነው የሳቸው ይበልጥ ነበር። «እዚህ ላይ ያንተ ሐሳብ የቱ ነው?» ይላል አንዱ። እኛስ? ሻይ ቤት ተሰብስበን «ሰውዬው ግሬድ ይቆጥባሉ» እያልን እናማቸው ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ያ የመምህራን መመዘኛ ቅጽ ታደለን። ከ1 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ማክበብ ነው። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ግማሻችን ሳናነብ ከላይ እስከ ታች 3ን አከበብን። ሲ ያገኘነው ደግሞ ቂማችንን በ1 ተወጣን። ቀልድ የሚያበዛው፣ ኤ የሚያድለው መምህር 5 በ5 ሆኖ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት መምህራችን የሉም። ለካ የማዕረግ ዕድገት ጠይቀው ኖሯል። የታተመ ጥናት አነሰዎት፣ የተማሪም ነጥብ ዝቅ አለብዎት ተባሉ፤ ግቢውንም ለቀቁ አሉ።

ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር የሚባለው መሰላል በክፋት የተሠራ አይደለም። የታተመ ጥናት ይቆጠራል፤ ሌላ ምሁር አንብቦ ይመሰክርለታል። ማስተማር ግን በር ተዘግቶ የሚሠራ ሥራ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለነው እኛ ብቻ ነን።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከመከፈቱ ብዙ ዘመን በፊት አገራችን መምህሯን ታውቅ ነበር። ቅኔ ፈላጊ ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ፈላጊ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፈላጊ ወደ ዙር አምባ አኩፋዳውን አንግቶ ይጓዝ ነበር፤ ዛሬም የሚጓዝ አለ። የቅኔው ተማሪ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ የኔታም የጎበጠውን ያቃኑለታል። የኔታን ስመ ጥር ያደረጋቸው ሹመት አልነበረም፤ አገር አቋርጦ በእግሩ የመጣው ተማሪ ነበር ምስክራቸው። እኛ እግራችን እንኳ ሳይደክም፣ ወንበራችን ላይ እንደተቀመጥን በሐሰት መሰከርን።

እንግዲህ ምን ይሁን? ባልደረባ መምህራን ክፍል ገብተው ይዩ፤ ማስተማርም ለማዕረግ እንደ ጥናት ሚዛን ይድፋ፤ የበለጠው መምህር በአደባባይ ይሸለም። ይህን ሁሉ እንጠይቃለን። ግን ከራሳችን ሳንጀምር በምን አፋችን? ዘንድሮ ቅጹ ሲመጣ ግሬዳችንን ረስተን፣ «ከኚህ ሰው ምን ተማርን?» ብለን እንሙላው። ምሳው ይቆይ።

መምህራችን፣ ይህች ወረቀት ከእጅዎ ከገባች ዳርና ዳሯን ሰፋ አድርገን ትተንልዎታል። ቀይ እስክሪብቶ መቼም አያጡም።