ከቀብሪበያ እስከ ሐረር

አንዲት ስልቻ ብቻ ተሸክመን ከቀብሪበያ ስንነሣ፥ ያሳደሩን ሶማሌ ሽማግሌ ውሃ የመላ ኮዳ አዋሱን። በዚያ አገር ውሃ ብርቅ ነውና አንወስድም ብንል ተቈጡ። ቀብሪበያ በሶማልያ ጦርነት የተሰደዱ ሰዎች እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠጉባት ከተማ ናት፤ ቅጥር የላትም። በሶማልኛ «ቀብሪ» መቃብር ማለት ስለ ሆነ፥ ስሟ የግእዙን «ቀበረ» አሳሰበን።

ከዚያ በመኪና ጅጅጋን አልፈን፥ የካራማራን ተራራ ተሻግረን፥ በባቢሌ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ መቆሙን እያደነቅን በማታ ሐረር ገባን።

ሐረርን የከበበው ግንብ ጀጎል ይባላል፤ በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር እንዳሠሩት ይነገራል። አምስቱን ጥንታውያን በሮች ለማየት ሁለት ቀን በእግር ዞርን። መንገዱ እጅግ ጠባብና ጠማማ ስለ ሆነ ደጋግመን ጠፋን፤ መጥፋታችንንም አልጠላነውም። ከዘይላ ወደብ የተነሣው እንግሊዛዊው በርተን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1855 ዓ.ም. በምሥራቁ በር ሲገባ፥ ከተማው ለአውሮጳ ሰው ዝግ ነበረ። ዛሬ ግን ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለ መዘገበው፥ እንግዳ ከየአገሩ ይመጣበታል።

እኛም ከዚሁ በር ደርሰን ወገባችንን ብንዳስስ ኮዳው የለም። የሰው ዕቃ ነውና እጅግ አፈርን፤ በመጣንበት ስንመለስ አንዲት እመቤት ከደጃፋቸው ቆመው «አባቴ፥ ረስተውት ሄዱ» ብለው ሰጡን። ውሃም ሞልተውበት ነበር።

ቀብሪበያ ስንመለስ ለሽማግሌው የሐረር ቡና አቀረብን፤ እርሳቸው ግን አስቀድመው ኮዳውን ተቀብለው ክዳኑን ፈተሹ።