የፒተርኔላ የእናት ወገን

የአባትን ዘር ከመዝገብ አውጥቶ ማስረዳት ቀላል ነው፤ የእናትን ወገን ግን ጸሐፊው ካልወደደው ማግኘቱ እጅግ ይቸግራል። ይህንንም ደቡብ አፍሪካ፥ ኬፕ ታውን ከተማ በሄድን ጊዜ ተመለከትን። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈነዋል።

የሆላንድ ኩባንያ በ1652 ዓ.ም. በዚያ ሲሰፍር፥ ክሮቶአ የምትባል የኮይኮይ ብላቴና በአዛዡ በያን ቫን ሪቤክ ቤት ገብታ አደገች፤ ቋንቋቸውንም ተምራ አስተርጓሚ ሆነች። በ1662 ተጠምቃ ኤቫ ተባለች። በ1664ም ፒተር ቫን ሜርሆፍ የሚባል የዴንማርክ ተወላጅ ሐኪም አገባት። ፒተርኔላ የእነዚህ ልጅ ናት።

አባትዋን የፈለገ ሰው ኮፐንሃገን ይደርሳል። በእናትዋ በኩል ግን የሚገኘው አጎትየው አውትሹማቶ ነው፤ እርሱንም መዝገቡ መጀመሪያ አስተርጓሚ፥ ኋላ ተከሳሽ አድርጎ ያነሣዋል። በአገራችን በቀድሞው የርስት ክርክር ሽማግሌ ቀርቦ ሰባት ቤት በቃሉ ይቈጥር ነበር፤ ለፒተርኔላ የእናትዋን ወገን የሚቈጥር ሽማግሌ የጠራ የለም።

ከወደቡ በመርከብ ወደ ሮበን ደሴት ተሻገርን። አብረውን የመጡት ጎብኚዎች ኔልሰን ማንዴላ የታሰሩበትን ክፍል ለማየት ይሽቀዳደማሉ፤ የሚገባም ነው። እኛ ግን ያሰብነው የቀደሙትን እስረኞች ነበር። አውትሹማቶ በ1658 ወደዚህ ተጋዘ። በ1665 ቫን ሜርሆፍ የደሴቲቱ ኀላፊ ሲሆን፥ ክሮቶአ አጎትዋ በታሰረበት ስፍራ የሹም ሚስት ሆና ተቀመጠች። ባልዋ በማዳጋስካር ከተገደለ በኋላ በ1669 እርስዋ ራስዋ ተጋዘች፤ ልጆችዋንም ወሰዱባት። በሐምሌ ወር 1674 ስትሞት የኩባንያው ጸሐፊ መጠጥዋንና ነውርዋን ዘርዝሮ ጻፈ፤ በማግሥቱ ግን በግንቡ ውስጥ በነበረው ቤተ ክርስቲያን በክርስቲያን ሥርዐት ተቀበረች።

ፒተርኔላ በ1677 ወደ ሞሪሺየስ ተወሰደች። በዚያም ዳንኤል ዛይማን የሚባል የሆላንድ ሰው አግብታ ስምንት ልጆች ወለደች፤ በ1709 ወደ ኬፕ ተመለሱ። ከእነርሱም ዘር ነጮች የሚባሉ ብዙ ቤተ ሰቦች ወጥተዋል። በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ሰውን ሁሉ በዘሩ ለይቶ ሲጽፍ፥ እንዲህ ያለች አያት የምትደበቅ ሆነች። ሕጉ በ1991 ከተሻረ ወዲህ ግን ከክሮቶአ መወለዳቸውን በግልጽ የሚናገሩ አሉ።

ከፒተርኔላ አራት ሴቶች ልጆች የአንዲቱ ስም ኤቫ ነበረ።